የድሮ ስታንሊ ቁጥር 5 መላጊያ፦ ከሰኔ እስከ ጥር ደሴ ላይ ስሠራበት

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ስለት መሳል የሚሰለቻችሁ ከሆነ ይሄን ዕቃ አትግዙ። ካልሰለቻችሁ ግን ካገኛችሁት አትለፉት።

የማወራው ስለ ስታንሊ ቁጥር 5 የእጅ መላጊያ ነው። ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የምላጩ ስፋት 5 ሴንቲ። የኔው እንግሊዝ አገር የተሠራ ሲሆን ፊት ለፊቱ ላይ «ቤይሊ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያገኘሁት ሰኞ ገበያ፣ ከአሮጌ ብረታ ብረት መሀል ነው። ዝገት በልቶታል፣ የኋላ እጀታው ተሰንጥቋል። ሻጩ «አብሽር፣ ይሄ የጥንት ብረት ነው!» አለኝ። የጥንት ብረት መሆኑ ብቻውን ምንም አይደለም። የጥንት ቆሻሻም ሞልቷል። ዋጋው ደግሞ የአዲሱን የቻይና መላጊያ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ፈታታሁት። አካሉ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ ከጠረጴዛ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ይሰነጠቃል፣ ብየዳም በቀላሉ አይቀበልም። ምላጩ የሚወጣበትን አፍ ዙሪያውንና ሁለቱን ጎኖች በጥፍር ዳሰስኳቸው። ስንጥቅ የለም። ምላጩም ገና ብዙ የሚሳል አለው። ዝገትና እጀታ መላ አላቸው፤ የተሰነጠቀ አካል ግን መላ የለውም።

ዝገቱን በአቼቶ አለቀቅኩት። ትንንሾቹን ክፍሎች አሳድሮ፣ በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ በሶዳ ውሃ አጥቦ ወዲያው ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱን ካዘገያችሁት በደሴ ጉም ዝገቱ ተመልሶ ከች ይላል። ታችኛውን ገጽ ደግሞ ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ አስተካከልኩት። እጀታውን ከወይራ ቀረጽኩለት። ከድሮው ይከብዳል፣ ግን እጄን ይሞላል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ዕቃ የተወደደው በዚሁ ነው። ከሱ በፊት የነበረው መላጊያ አካሉ እንጨት ነበር፤ ምላጩን የሚይዘው ሽብልቅ ነው። ምላጩን ትንሽ ላውጣ ካላችሁ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነበር። ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ ምላጩ በጣት በሚዞር ዳዶ እንዲወጣና እንዲገባ አደረገ። ስታንሊ በ1869 እንደ ፈረንጆቹ የቤይሊን የፈጠራ መብቶች ገዛ። ኋላ ላይ ደግሞ ምላጩን ወደ ግራና ቀኝ የምታቃና ዘንግ ተጨመረች። ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ጥቃቅን ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው አዲስ መላጊያም ያንኑ ቅርጽ የያዘ ነው።

ታዲያ አዲሱን ለምን አልገዛሁም? ገዝቼ አይቼዋለሁ። ታችኛው ገጹ ጠማማ ነበር፣ ምላጩ አንድ የጥድ ሳንቃ ሳይጨርስ ይደንዛል። ቅርጹ ተቀድቷል፣ ብረቱ ግን አልተቀዳም።

አሁን ወደ ሥራው። ዋንዛ የሚሠራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቀለሙ ያምራል፣ ቃጫው ግን አንዳንዴ በአንድ ሳንቃ ላይ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። በአንዱ በኩል ሐር ይሆንላችኋል፣ በሌላው ይቦጨቃል። መፍትሔው ምላጩ ላይ በብሎን የምትደረበዋ ሁለተኛ ብረት ናት። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይገጥማታል። እኔ ጫፏን ከስለቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እስኪቀራት ድረስ ወደፊት አስጠጋታለሁ። ምላጩን መስኮት ፊት ይዤ በአንድ ዓይን አያለሁ፤ የምትታየው የብረት መስመር የክር ያህል ቀጭን መሆን አለባት። ከዚያ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠብቃለሁ፣ አሁንም አያለሁ፣ ምክንያቱም ሲጠብቅ ትንሸራተታለች። እንዲህ ሲሆን ፍቅፋቂው ገና ሳይቦጭቅ ተሰብሮ ይጠቀለላል። ጉጥ አጠገብ እንኳ ደህና ይሄዳል። ከሥራው በፊት ታችኛውን ገጽ ሻማ ካሻችሁት ደግሞ መግፋቱ በግማሽ ይቀላል።

ስለቱን በድንጋይ ነው የምስለው፤ መጀመሪያ 25 ዲግሪ ገደማ፣ ጫፉን 30። በግራይንደር የሚስል ሰው ስለቱ ሰማያዊ ሲሆን ካየ ያ ቦታ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። እስከ ደህናው ብረት መብላት አለበት። ይሄን ያሳዩኝ አንድ ሸምገል ያሉ አናጢ ናቸው። «ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ ቶሎ ይስላል» ስላቸው «ቶሎ ይስላል ልጄ፣ ቶሎም ይጨርሰዋል» አሉኝ።

ዋጋውን የመለሰልኝ ግን የክረምት በር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ግማሹ ሰው በሩ አልዘጋም ይላል። እንጨት እርጥበት ሲስብ የሚያብጠው በስፋቱ ነው፤ በቁመቱ ያለው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ሆጤ፣ ሙጋድ፣ ቧንቧ ውሃ፣ የትም ይጥሩኝ፣ መላጊያውን በቦርሳ ይዤ እሄዳለሁ። ማራዘሚያ ገመድ የለ፣ «መብራት እስኪመጣ» የለ። በሩን ከማጠፊያው አውርጄ፣ በጎን አቁሜ፣ ጠርዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። አንዲት እናት «አልበቃውም፣ ጨምርበት እንጂ» ብለው ሙግት ገጠሙኝ። «እትዬ፣ ጥቅምት ሲመጣ ራሱ ይሰበሰባል፤ አሁን ብጨምር ብርዱ በክፍተቱ ነው የሚገባብዎት» አልኳቸው። በክረምት በር ላይ እጅ መሰብሰብ ይሻላል። ለኮምቦልቻ ደንበኛ ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ስትደርሱ ግን ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል፣ አየሩም ሞቃት ነው። ደሴ ላይ ልክክ ያለ በር እዚያ ይላላል።

የኤሌክትሪክ መላጊያዬን ጥዬዋለሁ ማለት አይደለም። ሻካራ የባሕር ዛፍ አጣና በእጅ ልግፋ የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም። የጃፓኑ ማኪታ የኤሌክትሪክ መላጊያ መሥራት የጀመረው በ1958 ነው። ከዚያ በፊት የጀርመኑ ፋይን በ1895 መሰርሰሪያውን ከሞተር ጋር አገናኝቶታል። ብላክ ኤንድ ዴከር ደግሞ በ1917 እንደ ሽጉጥ የሚያዝ ባለ ቃታ መሰርሰሪያ ላይ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ነገሩ ሁሉ ወደ ፍጥነት ነው የሄደው። የሚገርመው ስታንሊና ብላክ ኤንድ ዴከር በ2010 ተዋህደዋል። የኔ አሮጌ መላጊያና የጎረቤቴ መሰርሰሪያ ዛሬ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ግን ተጠግታችሁ እዩት። የኤሌክትሪኩ መላጊያ ምላጮች በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ነው የሚታሰሩት፤ በደቂቃ 16,000 ዙር አካባቢ ይመታሉ። እያንዳንዱ ምት ትንሽ ጎድጓዳ ይተዋል። በዓይን አይታይም፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ሞገዱ ይወጣል። ብዙ ሰው ይሄን የሚያጠፋው በብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሰዓት ይበላል፣ ሳንባም ይበላል። እኔ አሁን ውፍረቱን በኤሌክትሪኩ አወርድና መጨረሻውን በቁጥር 5 እጨርሳለሁ። ቫርኒሹ ሲደርቅ ልዩነቱን ደንበኛው ራሱ በእጁ እየዳሰሰ ይጠይቃል።

እንከኑን ልደብቅ አልፈልግም። ምላጩን የምታወጣው የናስ ዳዶ ልል ናት፤ አቅጣጫ ስትቀይሩ ግማሽ ዙር ያህል ባዶዋን ትዞራለች። ሁልጊዜ ወደፊት እያወጣችሁ ጨርሱ፣ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ አታቁሙ። ምላጩ ስስ ስለሆነ ጠንካራ ወይራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚያናድደው ብሎኑ ነው። ጥርሱ እኛ ገበያ ላይ ካለው የሚሊ ሜትር ብሎን ጋር አይገጥምም። የፊት እጀታው ብሎን ሲጠፋብኝ ብሎን ሻጭ ሁሉ ዞሬ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩት። ሠራተኛው ጎበዝ ነው፣ ሂሳቡ ግን አቃጠለኝ። ስትገዙ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ቺፑድና ኤምዲኤፍ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም። ሙጫቸው ስለቱን ቶሎ ይጨርሰዋል። ከመጋዝ ማሽን ወጥቶ በቀጥታ ለሚገጠም ቁምሳጥን መላጊያ ምን ያደርጋል? ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባ የምትነኩ ግን ፈልጉት።

እኔ አሁን ቁጥር 4 እያፈላለግኩ ነው። እሱ አጭር ነው፣ 24 ሴንቲ አካባቢ፤ ለትንንሽ ጠረጴዛና ለረከቦት ይመቻል። ሰኞ ገበያ ያሉት ብረት ሻጮች ስልኬን ይዘዋል። ይሄኛውን በገዛሁበት ዋጋ ከሆነ አልከራከርም። ከዚያ በላይ ከጠሩ ግን የጎደለውን ብሎን እየቆጠርኩ ነው የማስቀንሳቸው።