እናመሰግናለን ሲስተር! የማዋለጃ ቡድን ማሠልጠን የምትፈልጉ ተቋማት ጥሯቸው

ለማዋለጃ ክፍላችን የቡድን ሥራ፣ የአመራርና ሥራን መልሶ የመፈተሽ ሥልጠና የሰጡንን አዋላጅ ሲስተር በአደባባይ እናመሰግናለን። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን የሚሻ ጤና ተቋም በውስጥ መስመር ይጻፍልን።

የሚያሠለጥኑት አዳራሽ ሰብስበው አይደለም። እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ አብረው ተረኛ የሚሆኑትን ይዘው ነው፤ አዋላጁን፣ ሐኪሙን፣ ደም ሊያመጣ የሚላከውን ሠራተኛ ሳይቀር። ልምምዱ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው፤ «500 ሚሊ ሊትር አልፏል» ብለው ሰዓት ይይዛሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም መድኃኒት ፍለጋ ይሮጥና ማህፀን የሚያሽ ይጠፋል። «ኦክሲቶሲን ስጡ!» (ማህፀን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን መድኃኒት) የሚል ትእዛዝም ስም ካልተጠራበት ባለቤት የለውም። ስለዚህ ስም ተጠርቶ «10 ዩኒት፣ በጡንቻ» ይባላል፤ ተቀባዩ መጠኑን ይደግማል፤ ሲጨርስ «ሰጥቻለሁ» ይላል፤ መዝጋቢው ሰዓቱን ይጽፋል። ደም እንዲረጋ የሚያግዘው መድኃኒት፣ 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድም እንደዚሁ፦ ከወለደች 3 ሰዓት ሳይሞላ፣ በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ። መሪው እጁን ነጻ አድርጎ ከአልጋው ግርጌ ይቆማል። ራሱ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለማስገባት ካጎነበሰ ሁሉንም የሚያይ ሰው የለም።

የሲስተር ትልቁ ችሎታ ግን ከልምምዱ በኋላ ባለው ውይይት ላይ ነው። መንገዳቸው የትምህርት ባለሙያው ግራሃም ጊብስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት ነው፦ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማን፣ ምኑ ተሳካ ምኑስ አልተሳካም፣ ለምን፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ። ብዙ ቦታ ከመጀመሪያው ጥያቄ በቀጥታ ወደ «ጥፋቱ የማን ነው?» ይዘለላል፤ ያኔ ጀማሪው ዝም ይላል። እሳቸው መጀመሪያ የሚያናግሩት አዲሱን ተቀጣሪ፣ መጨረሻ ላይ ሐኪሙን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁሉም የሐኪሙን ቃል ይደግማል። «ወደፊት እንጠንቀቅ» የሚል ውሳኔም አይቀበሉም። ማን፣ ምኑን፣ እስከ መቼ? ለምሳሌ ካኑላው፣ ጓንቱና ፈሳሹ በአንድ ሳጥን ይዘጋጅ፤ ኦክሲቶሲኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ የየተራው ኃላፊ ርክክብ ላይ ያረጋግጥ።

ግማሽ ገጽ የግል ማስታወሻም ያስጽፋሉ፤ የታካሚ ስም አይገባበትም። አለቃ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይሰበስበው አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ነጥብ የሚሰጥበት ማስታወሻ ላይ እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ተረኞቹን የሚተካ ሰው ሳትመድቡ አትጥሯቸው፤ ውይይቱ መሃል ላይ ሰው ወደ ወላድ እየተጠራ ይቋረጣል። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።