ሄልሲንኪ፦ የዓለቱ ቤተ ክርስቲያን ወይስ የዝምታው ጸሎት ቤት?

ሁለቱም መሀል ከተማ ናቸው፤ በእግር ይደረሳሉ። ጊዜ ካጠራችሁ ግን እኔ የዓለቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ቴምፔሊያውኪዮን፣ እመርጣለሁ።

ከውጭ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን አይመስልም፤ በቃ የድንጋይ ጉብታ ነው። ወንድማማቾቹ ቲሞና ቱኦሞ ሱኦማላይነን የነደፉት ይህ ሕንፃ በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ። ዓለቱ ወደ ታች ተፈልፍሎ ነው የተሠራው። ላሊበላን ያየ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ እዚህ የሠራው ድማሚት ነው። ግድግዳውን አላለሰለሱትም፤ ሻካራው ዓለት ለድምፅ ተስማሚ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የመሰርሰሪያው መስመር ሳይቀር ይታያል። ከላይ የመዳብ ጉልላት አለ። በጉልላቱና በዓለቱ መሀል ዙሪያውን በተደረደሩት 180 መስኮቶች ብርሃን ይወርዳል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ማየት ብቻውን ይበቃል። ችግሩ ቱሪስቱ ነው፤ ካሜራ በካሜራ ነው። መግቢያም ይከፈላል።

ጫጫታ ለሰለቸው የካምፒ ጸሎት ቤት አለ። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ ነው። ሰው በሚተራመስበት የናሪንካ አደባባይ ላይ ትልቅ የእንጨት ገበቴ መስሎ ቆሟል። ሠርግም ክርስትናም አይደረግበትም፤ የሚገባው ዝም ለማለት ነው። የሚታይ ብዙ ነገር የለውም፤ ለስላሳ የእንጨት ግድግዳና ከጣሪያው ጠርዝ የሚፈስ ብርሃን ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።