እጄ ያልተቀበለው የታይዋን ፓስታ

ድሬዳዋ ኖሮ ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ ያልገዛ ሰው የለም። እኔም ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ እየሄድኩ ዘይትና የዱቄት ወተት ከዚያ ነው የማመጣው። ፓስታ ግን ገዝቼ አላውቅም ነበር። ነገሩ ኩርፊያ ነው። 11 ዓመት ፓስታ ሳሽግ ኖሬያለሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ ከባሕር ማዶ የመጣ ፓስታ ቤቴ አይገባም ብዬ ማልኩ።

መሐላዬን ያፈረሱብኝ ልጆቼ ናቸው። ጎረቤት በልተው መጡና «የእነሱ ፓስታ አይጣበቅም» አሉኝ። ለእኔ! ሰፈር ውስጥ «የፓስታዋ» እየተባልኩ ለምጠራው!

እንግዲህ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሩዝ፣ ቴምር፣ ሳሙና እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሁለት እሽግ ፓስታ አነሳሁ። አንዱ ቱርክ የተሠራ ነው፣ 85 ብር። ሌላው የአገር ውስጥ፣ 95 ብር። ቁመታቸው እኩል ነው። የቱርኩ ላስቲክ ያብረቀርቃል፣ ፓስታው ደግሞ ወርቅ የመሰለ ቢጫ ነው። በምን መንገድ እንደገባ አልጠየቅኩም። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው የጉምሩክ ሰው ብቻ ነው።

አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ እጄ እንደያዝኩ ቀኝ እጄ እምቢ አለ። «ይሄ ይጎድላል» አልኩት ባለሱቁን። «አቦ እህቴ፣ ፋብሪካ ያሸገውን ማን ይነካዋል?» ብሎ ሳቀ። ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። ከዓረብኛው ሥር በደቃቃ ቁጥር 400 ግራም ይላል። የአገር ውስጡ 500 ነው። ባለሱቁ አላመነም፣ የቴምር ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

ሂሳቡን እዚያው ሠራሁት። የቱርኩ 100 ግራሙ 21 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል፤ የአገር ውስጡ 19 ብር። ርካሽ ነው ብዬ ያነሳሁት ውድ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ኪሎ ቢሆን 106 ብር ከ25 ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ገልብጡት።

እጄ እንዴት አወቀ? ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር በእጅ እናሽግ ነበር። አንድ ጭብጥ ፓስታ ታነሻለሽ፣ ሚዛን ላይ ታደርጊያለሽ፣ ሦስት አራት ዘንግ ትጨምሪያለሽ ወይ ትቀንሺያለሽ። በዓመቱ ሚዛኑን ማየት ትተዪያለሽ። በቃ፣ መዳፍሽ ግማሽ ኪሎን ያውቃል። ይህ ሙያ ዛሬ የሚያገለግለኝ ባለሱቅ ለማሳፈር ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። ሁለት ድስት፣ እኩል ውሃ፣ እኩል ጨው፣ አንድ ዓይነት ከሰል። እውነቱን ልናገር፣ የቱርኩ አሸነፈ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈልቶ ውሃው ንጹሕ ነው። ፓስታው አልተሰበረም፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ይይዛል። የእኛው በሰባተኛው ደቂቃ ውሃው የአጃ ሾርባ መሰለ። ስናጠልለው ተያያዘ። ልጆቼ እኔን እያዩ ዝም አሉ፤ ከንግግራቸው ይልቅ ዝምታቸው አናደደኝ።

ምክንያቱን ስለማውቀው ነው የሚያናድደኝ። ጥሩ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ስንዴ ሻካራ ዱቄት፣ ከሲሞሊና ነው የሚሠራው። ዱረም ጠንካራ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ሲቀቀል አይፈርስም። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የዳቦ ዱቄት ነበር ማሽኑን የምናጎርሰው። ዱረም ግን የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ባሌ ይበቅላል፣ ሉሜና አዳ ይበቅላል፣ ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎቹን ሲያጠና ኖሯል። የዓለም ተመራማሪ የዱረም ዘር ሲፈልግ ከሚመጣባቸው አገሮች አንዷ የእኛ ናት። ቱርክ ደግሞ ከጣሊያን ቀጥላ ብዙ ፓስታ ለዓለም የምትሸጥ አገር ነች። ዘሩ ያለን እኛ፣ ፓስታው የእነሱ።

ሌላው ማድረቂያው ነው። ፓስታ ከማሽን ሲወጣ ሲሶው ያህል ውሃ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው መድረቅ ያለበት። መሐል ላይ መብራት ሲሄድ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ፓስታው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። የዚያን ቀን አያስታውቅም። ገዢው ቤት ድስት ውስጥ ሲገባ ነው የሚሰባበረው። ስብርባሪውን እኛ ሠራተኞቹ በኪሎ በርካሽ እንገዛ ነበር። የልጆቼ ሾርባ ከዚያ ነው የተሠራው። መብራት በብዛት በጠፋበት ወር ቤታችን ሾርባ ይበዛ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለእኛው እመሰክራለሁ። የቱርኩ እንደ ላስቲክ ለስላሳ ስለሆነ ሱጎው ከላዩ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይተኛል። የአገር ውስጡ ሻካራ ነው፣ በርበሬውን ይይዛል። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን በዘይት ጠብሼ በዳቦ ሳቀርብ የእኛው ቀድሞ አለቀ። አማቴም በዚያ ሐሳብ ነች። እሷ ፓስታን ከእንጀራ ጋር ነው የምትበላው፣ ጥርስ የሚይዝ ነገር አትወድም።

ፋብሪካችን በአንድ ቀን አልተዘጋም። መጀመሪያ የሌሊቱ ፈረቃ ቀረ። ቀጥሎ ስንዴ የለም ተባለ። ከዚያ ለማሽኑ መለዋወጫ ዶላር ጠፋ። «ለጊዜው ረፍት ውጡ» አሉን። ረፍቱ ተራዘመ፣ ደሞዙ ግማሽ ሆነ። በመጨረሻ 2013 ላይ ወረቀት ሰጡን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ በላዩ ደግሞ የ60 ቀን ይከፈላል ይላል። የ11 ዓመት ሠራተኛ ሲደመርለት 190 ቀን ነው። ስድስት ወር ከአስር ቀን። እኔ በዚያ ብር ፍሪጅ ገዛሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ እሸጣለሁ። ለድሬ ሙቀት ምስጋና ይግባውና ያዋጣል፣ መብራት እስካለ ድረስ። ከማድረቂያ ክፍሉ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ከማሸጊያ ሁለቱ ጓደኞቼ ዓረብ አገር ናቸው።

ታይዋንን ልወቅስ ግን አልችልም። ይህች ከተማ የተወለደችው ባቡሩ በ1895 ከጅቡቲ ሲደርስ ነው። ከባሕር የሚመጣ ዕቃ ላይ ተነስቶ መሳደብ እንጀራ እናትን ሳይሆን እናትን መስደብ ነው። የባለቤቴ እህት እዚያው ታይዋን ትሸጣለች፤ ሥራ በፈታሁ ሰሞን ሩዝና ዘይት በዱቤ የሰጠችኝ እሷ ናት።

ስለ ሱቁ ልጨርስ። ባለሱቁ ሰው ያከብራል፣ ዕቃ አይደብቅም፣ መልስ ሳንቲም በከረሜላ አይሰጥም። ንጽሕናው ደህና ነው፤ ሳሙናውን ከሩዙ ቢያርቀው ጥሩ ነበር። ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ባትሄዱ ይሻላል። ሙቀት ነው፣ ሱቁ ክፍት ቢሆን እንኳ ሰውየው በርጫ፣ ጫቱ ላይ ነው፣ «ራስሽ አንሺ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ከሩቅ አይቶኝ «ሚዛኔ መጣች!» ብሎ ጮኸ። አዲስ የገባ መኮሮኒ ካርቶን ከፍቶ አንዱን እጄ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ልክ ነው» አልኩት። ገልብጦ አነበበና ዋጋውን ለጠፈበት።

ለቤቴ አሁን ሁለቱንም እገዛለሁ፣ የቱርኩን ለልጆቹ፣ የእኛውን ለአማቴና ለጠዋቱ ዳቦ። ከሰል ለመቆጠብ ብላችሁ ግን በአንድ ድስት እንዳትቀቅሏቸው። ሞክሬዋለሁ፤ አንዱ ሳይበስል ሌላው ገንፎ ይሆናል።