ባርሊዋይን፦ የእንግሊዙ ወይስ የአሜሪካው?

ስሙ አያሳስታችሁ። ባርሊዋይን ሲተረጎም «የገብስ ወይን» ቢሆንም ወይን የለበትም። ቢራ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ አልኮል ያለው። እንደ ድራፍት ከጨለጣችሁት ጉድ ይፈላል!

የእንግሊዙ የብቅል ቢራ ነው። ባስ የተባለው የእንግሊዝ ጠማቂ «ቁጥር 1» የሚባለውን ቢራውን በዚህ ስም ይሸጥ ነበር። እኔ የምወደው ግን የጄ ደብልዩ ሊስን ሃርቨስት ኤል ነው፤ 11.5 በመቶ፣ በዓመት አንዴ የሚጠመቅ፣ ዘቢብና ቴምር፣ ትንሽም ያረረ ስኳር የሚመስል ጣዕም ያለው። ጠርሙሱን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጣችሁ ለዓመታት ብትረሱት ደግሞ ይበልጥ እየለሰለሰ ይሄዳል።

የአሜሪካው ሌላ ጉዳይ ነው። አንከር የተባለው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1975 ኦልድ ፎግሆርንን ጠመቀ፤ ሌላው ጠማቂ ሴራ ኔቫዳ በ1983 ባለ 9.6 በመቶውን ቢግፉትን አስከተለ። ብቅሉ እዚህም ሞልቷል፤ ግን ሆፕ (ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ ለቢራ የሚሠራው አበባ) አለቅጥ ይጨመርበታል። መጀመሪያ የጥድና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት። ሽታውን ከወደዳችሁት ቶሎ ጠጡት፤ ከቆየ ምሬቱ በርዶ ወደ እንግሊዙ ይጠጋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የእንግሊዙ፣ ከእራት በኋላ፣ ጠንከር ካለ አይብ ጋር። ምሬት የምትወዱ ግን አትሰሙኝም፣ አውቃለሁ። ብቻ ሁለቱንም በረዶ አታድርጓቸው፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል። አንዱን ጠርሙስም ለሁለት ተካፈሉት።