ናይን ኢንች ኔይልስ ወይስ ሚኒስትሪ፦ ውዳሴው የሚገባው ለማን ነው?

የሮክ ጊታርን ከማሽን ድምፅ ጋር በሚያዋሕደው የሙዚቃ ዘርፍ፣ በኢንደስትሪያል ሮክ ስም ከሁሉ በላይ የሚወደሰው ትሬንት ሬዝነር እ.ኤ.አ. በ1988 በክሊቭላንድ የመሠረተው ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው ቡድን ነው፤ ውዳሴው ተጋንኗል የሚሉ አድማጮች በአንጻሩ የአል ጆርገንሰንን ቡድን ሚኒስትሪን ያቆማሉ።

በቀዳሚነት ከተመዘነ ተቺዎቹ እውነት አላቸው። በ1981 በቺካጎ የተቋቋመው ሚኒስትሪ ኤሌክትሪክ ጊታርን ከማሽን ምትና ከተቆራረጡ የድምፅ ቅጂዎች ጋር ያዋሐደው ሬዝነር የመጀመሪያ አልበሙን በ1989 ከማውጣቱ በፊት ሲሆን፣ ይህ ውለታው በበቂ ሁኔታ አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

ሆኖም ቀዳሚነት ብቻውን የሙዚቃን ዋጋ አይወስንም። የሚኒስትሪ ጉልበት በድግግሞሽና በቁጣ ላይ ያረፈ በመሆኑ አድማጩን ያናውጠዋል እንጂ እምብዛም ወደ ውስጡ እንዲመለከት አያደርገውም፤ ሬዝነር ግን በ1994 ባወጣው «ዘ ዳውንዋርድ ስፓይራል» ጩኸትን ከሹክሹክታ፣ ሻካራ የማሽን ድምፅን ከለስላሳ ፒያኖ ጋር እያፈራረቀ የአንድን ሰው መፍረስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ይተርካል። የዚህ አልበም መዝጊያ የሆነውን «ኸርት» የካንትሪ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ በ2002 በጊታርና በፒያኖ ታጅቦ ተጫውቶታል፤ የማሽኑ ድምፅ ሁሉ ከተነሣለት በኋላም ዜማውና ግጥሙ ጸንተው መቆማቸው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። የሚኒስትሪ ዘፈኖች ይህን ፈተና የሚያልፉ አይመስለኝም፤ ኃይላቸው ያለው በራሱ በድምፁ ክብደት ውስጥ ነውና።

ስለዚህ ናይን ኢንች ኔይልስ በ2020 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ መግባቱ ተገቢ ነው እላለሁ። የማልቀበለው ዘርፉን ብቻውን የፈጠረ ያህል መወራቱን ነው፤ ከሚኒስትሪም በፊት በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ትሮቢንግ ግሪስል የተባለው ቡድን መንገዱን ጀምሮት ነበር።