ፒያሳ አካባቢ የእንስሳት ሐኪም ለምትፈልጉ፦ የሜሲን ዶክተር ልጠቁማችሁ

ውሻ ወይም ድመት ኖሯችሁ ሐኪም የጠፋባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ስሜን አትጻፉ ብሎ ስለለመነን "ዶክተር" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። የምንውለው ፒያሳ፣ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ብዙም ሳይርቅ ነው። በ2016 ሰፈሮቹ ሲነሱ ሰዉ ወደየደረሰው ኮንዶሚኒየም ሄደ። ውሻው ቀረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ማን ያሳድጋል? የቀሩት ተዋልደው የሉካንዳ ትርፍራፊ እየለቀሙ ኖሩ። ሁዳዴ ሲገባ ግን አብዛኛው ሉካንዳ 55 ቀን ይዘጋል። እኛ ወደን እንጾማለን፤ እነሱን የጠየቃቸው የለም።

ሜሲ ከነዚህ አንዷ ናት። ስሙን ያወጡላት ሊስትሮዎቹ ናቸው፣ ወንድ መስላቸው። ጀርባዋ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር አልቀረም፤ ቆዳዋ ተጨማዶ ጠቁሯል። እከክ ነው ብለን አለፍን። አንገቷን ልብ ያለ አልነበረም። አንድ ቀን ከሊስትሮዎቹ አንዱ ዳቦ ሊያጎርሳት ሲጠጋ እጁ አንገቷን ነካት። ጮኸች፣ ወዲያው እጁን ነከሰችው።

ሰፈሩ ተቀወጠ። "አብዳለች፣ ትገደል!" የሚለው በዛ። ድንጋይ ያነሳም ነበር። የሕንፃው ጥበቃ፣ ጋሼ፣ ዱላቸውን ይዘው መሀል ገቡ። ዱላው ለውሻዋ ሳይሆን ለእኛ ነበር።

አንድ ቦታ ደወልን። ለመምጣት ብቻ 3,000 ብር፣ ባለቤት ከሌላት ደግሞ አንነካም አሉን። ይህን የሰማችው የጀበና ቡና ሻጯ "ቆይ፣ የእህቴን ላም ያከመ ልጅ አለ" አለችና ስልኳን አወጣች። ዶክተርን ያገኘነው በላም በኩል ነው።

በስልክ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ውሻዋ አይደለም። "ልጁ የት ነው?" አለ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። አንዲት እናት የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ ሲሉ በላውድስፒከር ሰምቶ "እማማ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ክትባቱን መውሰድ ከዚያ በፊት ነው" አላቸው። ልጁ በዚያው ቀን ክትባት ጀመረ። ውሻዋን ደግሞ አትግደሉ፣ 10 ቀን አስራችሁ ጠብቁ አለ። እስከዚያ ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ ስትነክሰው ምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ድንጋይ የያዘው ሰውዬ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ነገ ጠዋት እመጣለሁ ያለው ሰው የደረሰው ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ይሄን ጉድለቱን አልደብቅላችሁም። ጠዋት ካላችሁ ከሰዓት በሉት።

ሲመጣ ግን አልተጣደፈም። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ኪሱ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ የተቀቀለ ጉበት ነበረው። በዚያ ጾም የጉበቱ ሽታ ሲመጣ ቡና ሻጯ ፊቷን አዞረች። ግማሽ ሰዓት ያህል ጉበት እየወረወረ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት እያወራ ተጠጋት። ማደንዘዣውን ሲወጋት አላወቀችም። እሱ ራሱ ቀድሞ የተከተበ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈቀደም። አፏን በፋሻ አሰረና አንገቷን ከፈተው።

የናይለን ገመድ ነበር። ቡችላ ሳለች የሆነ ሰው አስሯታል። እሷ አደገች፣ ገመዱ አላደገም። ሥጋዋ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ላዩ ላይ ቆዳ ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ዶክተር ጫፉ ደነዝ በሆነ መቀስ ክር በክር እየቆረጠ አወጣው። ሽታውን ልነግራችሁ አልችልም። ቡና ሻጯ ዕጣን ጨመረች፣ ለእኛ ስትል። ገመዱ ወጥቶ ሲያልቅ እንደ ጣት ቀለበት ትንሽ ነገር መሰለኝ። እንዴት ስትውጥ እንደነበር እስካሁን አይገባኝም።

የእከኩ መድኃኒት በክብደት ስለሚሰፈር ሚዛን ተፈለገ። ሚዛን ይዞ ሰው እየመዘነ የሚውለውን ልጅ ጠራን። ብቻውን 41 ኪሎ፣ የተኛችውን ሜሲን ታቅፎ 54 ተኩል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። "ይቺ እኮ ሴት ናት" ብሎ ዶክተር የነገረን ያኔ ነው፤ ስሙ ግን እንደጸና ቀረ።

አንዱ መካኒክ የተቃጠለ ዘይት ላምጣላት ሲል ዶክተር የተቆጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘይቱ በቆዳዋ ይገባል፣ ስትልሰው ደግሞ ይመርዛታል አለ። በየሳምንቱ እየመጣ (ሁሌም አርፍዶ) መርፌዋን ሰጣት፣ ቁስሏን አጠበ። 10 ቀኗን በሰላም ስትጨርስ የእብድ ውሻ ክትባት ሰጣት። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንዳትወልድ በኦፕራሲዮን ተሠራች።

ምግቡስ? ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። የሙስሊም ሉካንዳ ያለው ወንድማችን እሱ ራሱ ጾም እያለ በየቀኑ አጥንት በፌስታል አንጠልጥሎ በሩ ላይ ይሰቅልልን ነበር። "ምራቋ ከነካኝ ሰባቴ ነው የምታጠበው፣ እናንተ አብሏት" ይላል ከሩቅ። አንድ ቀን አላጎደለም። ጋሼ ከፍርስራሽ በተረፈ ጣውላና ቆርቆሮ ቤት ሠሩላት። የዓለም ዋንጫ የሚል ጽሑፍ ሊስትሮዎቹ ጨመሩበት፣ በቀለም።

ገንዘቡን አዋጣን። አሥር ብር የሰጠም፣ 500 የሰጠም አለ። ዶክተር የመድኃኒቱንና የኦፕራሲዮኑን ዕቃ ዋጋ ብቻ ወሰደ፤ የገዛበትን ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ላከልን። የድካሙን ልንሰጠው ስንል ቡና ጠጥቶ ሄደ። የቡናውንም ከፍሎ።

ሜሲ አሁን 19 ኪሎ ናት። አንገቷ ዙሪያ ፀጉር ያላበቀለ ቀጭን መስመር ቀርቷል። የምትውለው ከነከሰችው ልጅ ጥላ ሥር፣ የጫማ ቀለም ሳጥኑን ተደግፋ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ተነስታ ቦታ ትለቃለች።

የዶክተርን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ቤት ድረስ ይመጣል፣ የማያስፈልገውን መድኃኒት አይሸጥላችሁም። ሐሙስ ሌሎቹን የሰፈር ውሾች ሊከትብልን ቀጠሮ አለን። ውሻ ያላችሁ ጎረቤቶች ጋሼ ጋ አስመዝግቡ። ሦስት ሰዓት ነው የተባለው፣ እናንተ ስድስት ሰዓት ኑ።