ለትንሽ የስኪ ክለብ የሚጎተት ግሩመር፦ ብረቱ ጥሩ ነው፣ መንገዱን የሚያበላሸው የሾፌሮቹ ተራ ነው

አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ የአገር አቋራጭ ስኪ መንገድ፣ አንድ ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) እና ጥቂት በጎ ፈቃደኛ ሾፌሮች ያሉት ክለብ ቢላ ያለው የሚጎተት ግሩመር፣ ማለትም የስኪ መንገድ ማስተካከያ ብረት፣ ቢገዛ አይቆጭም። ይህን አስቀድመን ተናግረን እንለፍ። ከዚህ በታች ካለው ግን ብዙው ስለ ብረቱ ብቻ አይደለም። የዚህ ዕቃ ጥሩነትም መጥፎነትም የሚታየው በተጎተተበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን ካገኘ ጀማሪ ሾፌርም ደህና መንገድ ያወጣበታል፤ ሰዓቱን ከሳተ ጎበዙም ሲነጋ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት መንገድ ትቶ ይሄዳል።

የምንገመግመው አንድ ሞዴል ሳይሆን ዓይነቱን ነው። በሰሜን አሜሪካ ክለቦች ዘንድ የየሎስቶን ትራክ ሲስተምስ ጊንዙግሩመርና የቲድ ቴክ ትሬይል ቴንደራይዘር ስማቸው ቶሎ ይነሳል። የአማርኛ ስም ባይኖረውም ሥራው ለገበሬ ልጅ እንግዳ አይሆንም፦ ጓል ይከሰክሳል፣ ያስተካክላል፣ ትልም ያወጣል። ወርዱ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር የሚሆን የብረት ፍሬም ነው። ከፊቱ የተደረደሩት ቢላዎች የጠጠረውን ይቆርጣሉ፤ መሐል ላይ ያለው ላሜራ የተቆረጠውን እያገላበጠ ጉድጓዱን ይሞላል፤ ከኋላ ያለው ማበጠሪያ ላዩን ያስተካክልና ቀጫጭን መስመር ይተዋል። ትልም ማውጫው ለብቻው የሚወርድና የሚነሳ ሲሆን ለክላሲክ ስኪ፣ በትልም ውስጥ ቀጥ ብሎ ለሚሄደው፣ ሁለቱን ትልሞች ይቀርጻል። ስኬቲንግ ለሚሄዱት፣ እግራቸውን ወደ ጎን እየገፉ ለሚንሸራተቱት፣ ማበጠሪያው ብቻ ይበቃል።

ቢላዎቹን ማንሳትና ማውረድ በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ገንዘብ ካለ ኤሌክትሪኩን ውሰዱ። የእጁ ርካሽና የማይበላሽ ነው፤ ግን ለማስተካከል መቆምና መውረድ ይጠይቃል። በጨለማ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ፣ ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው ለአንዲት ጥላ ያረፈባት ኩርባ ብሎ አይወርድም። ባገኘው ጥልቀት ዙሩን ይጨርሳል፣ መንገዱም ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተልጦ ያድራል።

አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም በረዶ ይለዋል። ለዚህ ሥራ መለየት ግድ ስለሆነ እዚህ የላላውን በረዶ፣ የጠጠረውን ግግር እንበለው።

የቢላው ዋና ጥቅም ግግር ላይ ነው። ቀን ቀልጦ ማታ የጠጠረ መንገድ ቢላ በሌለው ግሩመር አይነካም፤ ከላይ ይንሸራተትበታል እንጂ። በመጀመሪያው ዙር ቢላውን አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ አውርዱ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ ካስፈለገ በሦስተኛው ሦስት። አንዴ ወደ ታች ከሰደዳችሁት ስኖውሞቢሉ ይታነቃል፣ ወይም እንደ ሸክላ ስባሪ ትልልቅ ግግር ይፈነቀልና እሱን መፍጨት ሌላ ሌሊት ይፈጃል። ግሩመሩ ከቀለለና ከዘለለ በቢላዎቹ ትክክል ላይ የአሸዋ ከረጢት እሰሩበት። ከኋላ በኩል ከጫናችሁት ፊቱ ተነስቶ ጭራሽ አይቆርጥም።

አዲስ በረዶ ሌላ ነገር ነው። 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ቢላውን ሙሉ በሙሉ አንሱት። መጀመሪያ በስኖውሞቢሉ ብቻ ወይም በሮለር ተረግጦ፣ ትንሽ ተይዞ ነው ግሩመር የሚገባው። ያለዚያ ግሩመሩ እንደ አካፋ ከፊቱ እየሰበሰበ ክምር ይሠራል፣ ስኖውሞቢሉም ዳገት ላይ ይሰምጣል። የሰመጠውን የሚያወጣው ጋዝ መስጠት ሳይሆን ግሩመሩን ፈትቶ በአካፋ ፊቱን መክፈት ነው።

በረዶው ስስ ሲሆን ደግሞ ቢላው አፈርና ቅጠል ያወጣል። ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባል፤ በማግስቱ እያንዳንዱ ቅጠል በዙሪያው ጉድጓድ ያቀልጣል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ማበጠሪያው ብቻ ይበቃል። ቅጠሉ በመከር ሳይጠረግ የቀረ ክለብ ይህን ዕቃ ታኅሣሥ ላይ አምጥቶ ተአምር ባይጠብቅ ይሻለዋል።

የረጠበ በረዶ ላይ ቤታችሁ ተቀመጡ። ይህ ምክር ቀላል ይመስላል፤ በብዛት የሚጣሰው ግን እሱ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሳለ ግሩመር ሲሄድበት ውሃው ከነበረዶው ይጨመቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ ማታ ብርዱ ሲመጣ አንድ ወጥ ግግር ይሆናል። ማድረግ ያለባችሁ ፀሐይ ጠልቃ ላዩ መያዝ እስኪጀምር መጠበቅ ነው። በቡጢ ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ ኳስ ሆኖ የሚቀርና ጓንታችሁን የሚያረጥብ ከሆነ ገና ነው። ኳስ ሆኖ ጣት ሲነካው የሚፈርስ ከሆነ ውጡ።

ከተከሰከሰ በኋላ ያለው ጊዜም የሥራው አካል ነው። የተፈጨው ቅንጣት እርስ በርሱ ተያይዞ እስኪጠነክር ሰዓታት ይፈልጋል፤ ልክ እንደ ምርጊት፣ ሳይደርቅ ከተደገፉት እጅ ይሰምጥበታል። ስለዚህ የማታ ሥራ ከንጋት ሥራ ይመረጣል፦ ሰው ከመድረሱ በፊት ሌሊቱን ያርፋል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ቅንጣቱ ቶሎ ስለማይያያዝ የበለጠ ጊዜ ስጡት።

ስለ ትልሙ። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ በሁለቱ ትልሞች መካከል ያለው ርቀት፣ ከመሐል እስከ መሐል ሲለካ፣ ከ17 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይላል። ሁለት ጥንድ ትልም ጎን ለጎን ከወጣ ከጥንዱ መሐል እስከ ጥንዱ መሐል ቢያንስ 1.20 ሜትር ይኑር። ለውድድር ለማይዘጋጅ ክለብም ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 የቱሪን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ነበር፤ ክላሲክ ደግሞ ትልሙ ከፈረሰ እግር የሚይዘው ያጣል። ትልሙ የሚፈርሰው ማውጫው ቶሎ ሲወርድ ነው፤ በረዶው ገና ሳይይዝ ከተቀረጸ ግድግዳው ይናዳል። ስለታም ኩርባና ቁልቁለት ላይ አንሱት፤ ተንሸራታቹ እዚያ የሚፈልገው ፍሬን መያዣ ሰፊ ሜዳ ነው። ቀጥ ያለ ትልም የሚወጣው ደግሞ ሩቅ በማየት ነው። ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያይ የተባለው እዚህም ይሠራል፦ ሾፌሩ ዞሮ ማውጫውን ሲመለከት ስኖውሞቢሉ ይጣመማል፣ ትልሙም ይጠመዘዛል። አንድ የጎን መስታወት ማሰር ይህን ግማሽ በግማሽ ይፈታዋል።

ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካለፈ ግሩመሩ መዝለል ይጀምራል፣ መንገዱም እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ይሸነሸናል። አንዴ ከተሸነሸነ በሚቀጥለው ዙር ግሩመሩ ያንኑ ሽንሽን እየተከተለ ያባብሰዋል፤ መድኃኒቱ ቢላ አውርዶ፣ ቀስ ብሎ፣ ከተቻለ አቅጣጫ ቀይሮ መሄድ ነው።

ዕቃው የሚጠይቀው ስኖውሞቢል የመዝናኛው ፈጣን ዓይነት አይደለም። ሰፊ ጎማ ሰንሰለት፣ 20 ወይም 24 ኢንች፣ ከባድ ማርሽ ያለው የሥራ ስኖውሞቢል ይሁን። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከመቀመጫው ሥር ያለው ማቀዝቀዣ ላይ በረዶ ካልተረጨበት ይግላል፤ ግግር ላይ ደግሞ የሚረጭ የለም። መሬት እየጫረ በረዶ የሚያስነሳ ሽቦ ግድ ነው። ሁለተኛው ችግር ቺንጋ ነው፦ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ከባድ ሲጎትት ይንሸራተታል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ከዚያ ይበጠሳል። አንድ ትርፍ ቺንጋ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አካፋ፣ ገመድና የግንባር መብራት ስኖውሞቢሉ ላይ ታስሮ ይደር። የጋንጮውን ፒንና የቢላዎቹን ቡሎን በየመውጫው በእጅ ነካ አድርጉ፤ ንዝረቱ ዳዶ ይፈታል።

ሲመለስ ግሩመሩን መሬት ላይ አትተዉት። ሁለት ወፍራም እንጨት ላይ አውጡት፤ ያለዚያ ሲነጋ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የትልም ማውጫው ሆድ ውስጥ የያዘውን ግግር በፕላስቲክ ቧጭሩት። መዶሻ ያየ ማውጫ የተጎረበጠ ትልም ያወጣል።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ስሌቱ ይህ ነው፦ 3 ሜትር ስፋት ያለው 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት ዙር ይፈልጋል፣ 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ወደ ሁለት ሰዓት። ለትልሙ ሌላ አንድ ሰዓት። ማሞቂያ፣ ነዳጅና ማጽጃ ሲጨመር አንድ ሌሊት አራት ሰዓት ይወስዳል። በሳምንት አራት ጊዜ ከተወጣ ስምንት ሾፌር ላለው ክለብ ለእያንዳንዱ በሁለት ሳምንት አንዴ ይደርሰዋል፤ ይቻላል። ሁለት ሾፌር ብቻ ካላችሁ እያንዳንዳቸው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ የካቲት ሳይደርስ ስልክ ማንሳት ያቆማሉ፣ አይፈረድባቸውም።

ትልቁ ስህተት ግን ተራውን በተቆረጠ ቀን ማውጣት ነው። ማክሰኞ የእገሌ፣ ሐሙስ የእገሊት ሲባል፣ ማክሰኞ ዝናብ ቢዘንብም እገሌ ይወጣል። ሰው ተራውን አክብሮ፣ እንቅልፉን ትቶ፣ የረጠበውን ሲጨምቅ ያመሻል። ረቡዕ ጠዋት ለተገኘው ግግር ደግሞ ሁሉም ግሩመሩን ይወቅሳል። ተራው በሳምንት ይሁን፣ ሁለት ሁለት ሰው፣ ‘ከተጠራሁ እወጣለሁ’ በሚል። ጠሪው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሙቀቱን ትንበያ አይቶ ‘ዛሬ ማታ’፣ ‘ሊነጋ ሲል’ ወይም ‘ተኙ’ ይላል። ‘ተኙ’ ማለት የሚደፍር ሰው ከሌላችሁ ዕቃውን አትግዙ። ከጥንዱ አንዱ ሲነዳ ሌላው ቤቱ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል፤ ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ካለፈ ፍለጋ ይወጣል።

መዝገቡ አጭር ይሁን፦ የወጣበት ሰዓት፣ ሙቀት፣ የቢላው ጥልቀት፣ የዙር ብዛት፣ አፈር የታየበት ቦታ። አምስት መስመር ነው። ከዚያ ካረዘማችሁት የሚሞላው የለም።

ወረቀቱንም አትርሱት። በአሜሪካው ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 1976 በኋላ የተወለደ ሰው ስኖውሞቢል ለመንዳት የደኅንነት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ወጣቶቹን ወቅቱ ሳይገባ አስመዝግቡ። የአሜሪካው የ1997 (እ.ኤ.አ.) የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግም ሁሉን አይሸፍንም፦ ግዛቱ መንጃ ፈቃድ ወይም ኢንሹራንስ በሚጠይቅበት ተሽከርካሪ የደረሰ ጉዳት ከጥበቃው ውጭ ነው። የክለቡን የኢንሹራንስ ፖሊሲ አውጡና ‘ግሩመር የሚጎትት ስኖውሞቢል’ የሚል ቃል ይኑርበት እንደሆነ አንብቡ።

ዕቃው የማይችለውም አለ። ሰው ሠራሽ በረዶ ከባድና ድርቅ ያለ ስለሆነ በሞተር የሚሽከረከር መፍጫ ያለው እንደ ፒስተንቡሊ ወይም ፕሪኖት ያለ ማሽን ይፈልጋል፤ ዋጋውም በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። በረዶ በጠፋበት በ2024 (እ.ኤ.አ.) የዊስኮንሲኑ የአሜሪካ ቢርከባይነር የስኪ ውድድር በ10 ኪሎ ሜትር ሰው ሠራሽ በረዶ ዙር ላይ ነበር የተካሄደው። እንዲህ ያለው ሥራ የዚህ ዕቃ ሥራ አይደለም። መንገዳችሁ ከ20 ኪሎ ሜትር ካለፈም ሾፌሮቻችሁን ታደክማላችሁ።

ያገለገለ ከተገኘ ግዙ፣ ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም። ቢላዎቹ የሚለወጡ መሆናቸውን፣ ማበጠሪያው ጥርሱ አለመርገፉን እዩ። ፍሬሙ ላይ ብየዳ ካያችሁና ሻጩ ‘ቀላል ናት’ ካላችሁ ከመጀመሪያው ቢላ እስከ መጨረሻው ገመድ ወጥሩ፤ ከገመዱ የሸሸ ቢላ ካለ ፍሬሙ ተጣሟል።